ጋሼ አድማሱን ማን ቆላ አስገባቸው?

የኅዳር ጽዮን ዕለት ማለዳ ይሻው የቆላውን በር ከፈተና ጮኸ። ጎረቤቱ ጅብ ግቢ የገባ መስሎት ዱላ ይዞ ነበር የሮጠው። ደርሶ ያየው ግን ሌላ ነው። በሁለት የእንጨት ክምር መሃል የግቢው ባለቤት አቶ አድማሱ በጀርባቸው ተንጋለው ተኝተዋል። ነፍስ የላቸውም፤ ገላቸው ግን ገና ሞቅ ይላል።

መቼም ቆላው ምን እንደሆነ ካልተነገረ ነገሩ አይገባም። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ዳር አቶ አድማሱ የፓሌት መሥሪያ ግቢ አላቸው። ፓሌት ማለት ወደ ውጭ አገር የሚላክ ዕቃ የሚደረደርበት የእንጨት ርብራብ ነው። ይህ ርብራብ ሳይግል ከአገር አይወጣም፤ የእንጨቱ ልብ ሃምሳ ስድስት ዲግሪ ደርሶ ግማሽ ሰዓት መቆየት አለበት። አለዚያ ውስጡ ያለው ነቀዝ ከነልጆቹ ባሕር ተሻግሮ የሰው አገር ደን ይጨርሳል ተብሎ ይፈራል። ከጋለ በኋላ በእሳት በቀላ ብረት ማኅተም ይመታበታል። ማሞቂያዋ ክፍል በብሎኬት የተሠራች፣ የብረት በር ያላት፣ ከጀርባዋ ምድጃ የሚነድላት ናት። ሠራተኞቹ የጉና ንፋስ አጥንታቸውን ሲሰብረው ስለኖረ ሙቀት ያለበት ክፍል ሲያገኙ «ቆላ» ብለው ስም አወጡላት። «ጭነቱ ቆላ ወረደ» ይላሉ፤ «ከቆላ ወጣ» ይላሉ። ዛሬ ያ ቀልድ ባፋቸው መረረ።

ይሻው የቆላው እሳት ጠባቂ ነው። በዋዜማው ዕለት ከምሳ በኋላ ጭነቱን አስገባ፤ በሩን ከውጭ በመወርወሪያ ዘጋ፤ እሳቱን አነደደ። አመሻሽ ላይ ሙቀቱ ሲሞላ ፍሙን ጠርጎ አወጣና ቤቱ ገባ። ብሎኬቱ ሙቀት ይዞ ስለሚያድር በሩ የሚከፈተው በማግሥቱ ነው። በዓል ቢሆንም በር መክፈት ሥራ አይባልም ብሎ ማለዳ መጣ፤ ያገኘውንም አገኘ።

ለሁሉም ነገሩ ፀሐይ የሞቀው ሆነ። ሰውዬው አንድ ነገር ሊያዩ ገቡ፤ ይሻው ሳያይ ዘጋባቸው። የቀኝ ጫማቸው ክር ከግራው ክር ጋር ተያይዞ ስለተገኘ «ክሩ ጠልፎ ጣላቸው፤ ማጅራታቸውን ተመትተው ራሳቸውን ስተው ሳሉ ነው የተዘጋባቸው» ተባለ። ማጅራታቸው ላይም ቁስል አለ። ሐኪሙ «ሊሆን ይችላል» ብሎ ፈረመ፤ ዘመድ አልቅሶ ቀበረ። ይሻው ደግሞ ማንም ሳይጠይቀው ሁለት እጁን ለፖሊስ ዘረጋ። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለ። እንዲህ ያለን ሰው ማን ይመረምረዋል?

ዓይናለም ነቻ! ኢንስፔክተር ዓይናለም ያኔ ለሥልጠና ባሕር ዳር ነበረች። ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ ሻይ ስትጨርስ ያየ ሰው ጣቢያው ውስጥ የለም፤ ሽምብራ ቆሎዋን በኪሷ ይዛ ቆማ እየቆረጠመች ትሠራለች። ተመልሳ ጣቢያው በር ላይ ከመኪና ስትወርድ አንዲት ሴት ዳቦ በመሶብ ይዛ ግድግዳው ሥር ተቀምጣ አገኘች። የይሻው ሚስት ፈንታነሽ ናት።

«እታለም» አለቻት ሴትዮዋ ተነሥታ፣ «ባሌ እህል አልቀምስ አለ። ዳቦ ሳመጣለት "ሰው የጠበሰ እጅ ዳቦ አይቆርስም" ይለኛል። ፍርዱን ይቀበል ግዴለም። ግን እኮ ሳይፈረድበት ሊሞትብኝ ነው!»

ዓይናለም ዳቦውን አየችው። አልተቆረሰም። ቢሮዋ ሳትገባ በቀጥታ ወደ እስር ክፍሉ ሄደች።

ይሻው ጥግ ይዞ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ዓይኑ ጎድጉዷል።

«በሩን ከመዝጋትህ በፊት ምን አደረግህ?»

«ተጣራሁ። ሁልጊዜ እጣራለሁ። "ቆላ ያለህ ውጣ!" እላለሁ።»

«የመለሰልህ አለ?»

«ያኔ አልሰማሁም። አሁን ግን እሰማለሁ፣ ኢንስፔክተር። ዓይኔን ስከድን በሩን ሲደበድቡት ይሰማኛል። እሳቱ ፊት ተቀምጬ እያንጎራጎርኩ ነበር። እኔ ስዘፍን እሳቸው እየጮኹ ቢሆንስ?»

«በመጨረሻ ያየሃቸው መቼ ነው?»

«ጭነቱ ሲገባ አጠገቤ ነበሩ። "እንግዲህ ልሂድ" አሉ። ወዴት ብዬ አልጠየቅሁም፤ ጌታን ማን ወዴት ይላል? ሄዱ ብዬ ነበር። ለካ አልሄዱም።»

«ይሄን ለካ የነገረህ ማነው?»

ይሻው ቀና ብሎ አያት። «ሬሳቸው ነዋ» አለ።

ዓይናለም ወጥታ ረዳቷን ሳጅን ሙላቴን የሟቹን ዕቃ አምጣ አለችው። ሙላቴ ለመታዘዝ ፈጣን፣ ለመደነቅ ደግሞ ዘገምተኛ ሰው ነው። ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው፤ ሰዓት፣ ቁልፍ፣ መሐረብ፣ ጥቁር ኮት። ከኮቱ ጋር አንድ ጧፍ አለ፤ እስከ ግማሽ የነደደ፣ ቀጭን የሰም ጧፍ።

«ይሄ ከየት ወጣ?»

«ከኮታቸው የውስጥ ኪስ። ጧፍ ነው እንግዲህ፤ ምን አለው?»

ጧፉን በሁለት ጣቷ አንሥታ ወደ መስኮቱ ያዘችው። ቀጥ ብሏል። ኪሱን ገልብጣ ጨርቁን በጥፍሯ ፋቀችው፤ ምንም የለበትም። ሽምብራዋን መቆርጠም አቆመች። ሙላቴ ይህን ሲያይ መኪናውን ለማስነሣት ወጣ፤ አለቃው መቆርጠም ካቆመች መንገድ እንዳለ ያውቃል።

የፓሌት ግቢው ሐዘን ላይ ነው። ያገኙት ትንሣኤ የሚባለውን ወጣት ነበር። ጥቁር ለብሷል፤ ፂሙን አልተላጨም። የእንጨቱን ልብ ሙቀት የሚለኩትን መርፌዎች የሚተክለው እሱ ነው፤ የማኅተሙ ብረትም በእሱ እጅ ነው የሚኖረው። ትሑት ልጅ ነው፤ ሲናገር አንገቱን ይሰብራል።

«ቆላው ውስጥ ሙቀቱ ስንት ይደርሳል?» አለችው።

«የእንጨቱ ልብ ሃምሳ ስድስት እንዲደርስ አየሩ ከሰባ በላይ መውጣት አለበት። አንዳንዴም ሰማንያ ይገባል። እዚያ ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር አይተርፍም፣ ኢንስፔክተር። እንጨት ልብ ውስጥ የተደበቀ ነቀዝ እንኳ አይተርፍም።»

«በዋዜማው ዕለት ሞልቶ ነበር?»

«በደንብ። መርፌዎቹን ራሴ ነኝ ያየሁት። ከዚያ ወደ ቤቴ ሄድኩ።» ደግሞም ጨመረ፤ «ይሻው ላይ አትጨክኑበት። ቸልተኛ ነው እንጂ ክፉ ሰው አይደለም።»

ዓይናለም ቆላው ውስጥ ገባች። ከበሩ ጀርባ የተቧጠጠ፣ የተመታ፣ እጅ ያረፈበት ምልክት ፈለገች፤ የለም። «ሙላቴ፣ ዝጋብኝ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ዝጋና ምድጃው ጋ ሄደህ ዝፈን!»

«እኔ ቆላ አልዘጋብሽም! ለአዛዡ ምን እላለሁ?»

በግድ ዘጋ። ምድጃው ፊት ቆሞ በሚያሰቅቅ ድምፁ አንጎራጎረ። ከውስጥ አንዴ ብረቱን ብትመታው ጊዜ ዘፈኑን አቋርጦ እየሮጠ መጣ። በሩን ሲከፍት አቧራ ለብሳ ወጣች። «በሩን ቢመቱት ይሻው ይሰማ ነበር ማለት ነው» አለች።

ከዚያ ግቢውን ትዞር ጀመር። ትንሣኤ ከኋላ ከኋላዋ ይከተላል፤ አልተመለከተችውም። ማኅተም ተመትቶባቸው ለጉዞ የተደረደሩ ፓሌቶች አጠገብ ስትደርስ ጎንበስ አለች። መሬቱ ላይ ከእንጨቱ ሥር ነጭ ዱቄት ተንጠባጥቧል፤ የጤፍ ዱቄት ያህል የላመ። እንጨቱ ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ አለ። በጣቷ ዱቄቱን ጠረገችውና ሽምብራዋን እየቆረጠመች ቆየች። ከቀዳዳው ሌላ ዱቄት ቁልቁል ወረደ። እዚያ ውስጥ አንድ ነገር እየበላ ነው።

«ለጊዜው ይበቃኛል» አለች ለትንሣኤ፣ ፊቱን ሳታይ።

ሟቹን በአደባባይ የረገመ ሰው እንዳለ ሙላቴ ሰምቷል። እሸቴ ይባላል፤ ከእብናት በኩል ባሕር ዛፍ እየገዛ ለግቢው የሚያቀርብ ነጋዴ ነው። በገበያ መሃል «በገዛ እሳትህ ተቃጠል!» ብሏቸው ነበር። አሁን የት ነው? ወንዛዬ፣ ፍል ውሃ። ዓይናለም ወንዛዬ ድረስ አስነዳች። እሸቴ እስከ አንገቱ ውሃው ውስጥ ተነክሮ ነበር፤ ፖሊስ ሲያይ እስከ አፍንጫው ወረደ።

«ና ውጣ እንዳልልህ ራቁትህን ነህ፤ እዚያው ሆነህ መልስ» አለችው ከዳር ቆማ። «ተቃጠል ብለሃቸዋል ይባላል።»

«ብያለሁ! ለምን እዋሻለሁ? ሰው ተናዶ የማይለው አለ? ይኸው ምላሴ ዱብ ዕዳ አመጣብኝ!»

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ያለኸው?»

«ከበዓሉ በፊት ጀምሮ፤ ጉልበቴ አላስኬድ ብሎኝ ነው። ያቺን የሺን ጠይቂያት፤ ምግብ የምታበስልልኝ እሷ ናት።» ጠበሉ ዳር የምታበስለዋ የሺም ራሷን ነቀነቀች፤ «ተሸክመነው ነው ውሃ የምናስገባው፤ የት ይሄዳል?» አለች።

«ለምን ተጣላችሁ?»

«እንጨትህ ነቀዝ አለበት ብሎ መለሰብኝ! ማኅተም ያለበት ፓሌት ውስጥ በሕይወት ያለ ነቀዝ ተገኘ ብለው ባሕር ማዶ ያሉ ገዢዎች ጭነት መልሰውበት አብዷል። እኔ ምን አልኩት መሰለሽ? "አንተ ሰው፣ የኔ እንጨት ነቀዝ ይኑረው፤ ዛፍ ነው፣ ይኖረዋል። ቆላ የገባ ነቀዝ ግን እንዴት ብሎ ከነሕይወቱ ይወጣል? ቤትህን ጠይቅ!" አልኩት። ይህን ስለው ፊቱ ልክ መርዶ እንደሰማ ሰው ሆነ። ጥሎኝ ሄደ።» እሸቴ ፊቱን በውሃው አበሰ። «ያን ፊቱን ሳስበው ነው እርግማኔ የሚቆጨኝ።»

ሲመለሱ መኪና ውስጥ የዓይናለም እግር ወለሉን ሲመታ ነበር። ቀጥታ ለቅሶ ቤት ሄዱ። የሟቹ ሚስት ወይዘሮ ጌጤ ፍራሽ ላይ በሴቶች ተከበው ተቀምጠዋል። ዓይናለም አጠገባቸው ተንበርክካ «እግዜር ያጽናዎት» ካለች በኋላ በጆሯቸው ጠየቀቻቸው።

«ጣራ ገዳም ሄጄ እመንናለሁ ይል ነበር» አሉ ወይዘሮ ጌጤ፣ «ሲናደድ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው። ያ ጭነት ከተመለሰ ወዲህ ግን እውነቱን መሰለኝ። እንቅልፍ አጣ። "ጌጤ፣ ያልጋለውን ጋለ ብሎ ማተም እኮ በሐሰት መማል ነው" ይለኝ ነበር። "ያንን ብረት ከእንግዲህ ራሴ እይዘዋለሁ" አለኝ።»

«ለማን ነው የተናገሩት? ብረቱስ ማን ጋር ነበር?»

«ትንሣኤ ጋ ነዋ! እሱ ልጃችን ማለት ነው። እግዜር ልጅ ባይሰጠን የክርስትና ልጃችንን ከቆሎ ተማሪ ቤት አምጥተን፣ አስተምረን፣ ለዚህ አበቃነው። ይኸው አሁንም እሱ ነው ደጅ ቆሞ ሰው የሚቀበልልኝ።»

«በዋዜማው ማታ እርስዎ የት ነበሩ?»

ወይዘሮ ጌጤ ዙሪያቸውን ያሉትን ሴቶች በአገጫቸው አመለከቱ። «የማርያም ማኅበርተኞቼ ናቸው፤ ለበዓሉ ደፋ ቀና ስንል ነው የመሸው። ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ይመጣል ብዬ ራቱን ከድኜ ነበር። በኋላ ደግሞ ማኅሌት ቆሞ ያድራል አልኩ። የከደንኩት ራት አደረ።»  ሴቶቹ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ፤ ዓይናለምም እንባዋ መጣ፤ አላበሰችውም።

የመጨረሻው መንገዷ ቄስ ዮሴፍ ዘንድ ነው። አስከሬኑን የገነዙት፣ ፍትሐቱን ያደረሱትም እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ሲናገሩ ቃል የሚመርጡ አባት ናቸው። ቅጥሩ ውስጥ ከጽድ ሥር አገኘቻቸው፤ መስቀል ተሳለመች።

«አባ፣ አቶ አድማሱን ሲገንዙ ያዩትን ይንገሩኝ።»

«ምን ልንገርሽ ልጄ? ሥራዬን ግማሹን ተሠርቶ ነው ያገኘሁት።»

«እንዴት?»

«ዓይናቸው ተከድኗል። ቀኝ እጃቸው በግራው ላይ ደረታቸው ላይ ተጭኗል። እሳት የዘጋበት ሰው እንዲህ ሆኖ ይሞታል? እኔ ብዙ ሙት ገንዣለሁ፤ ማንም ራሱን እንዲህ አሰናድቶ አልሞተም።»

«የጫማው ክርስ?»

ቄስ ዮሴፍ መቋሚያቸውን አገላበጡ። «ሙት ሲገነዝ የሁለት እግሩ አውራ ጣት አንድ ላይ እንደሚታሰር ታውቂያለሽ። ጫማ ላደረገ ሰው ምን ይታሰራል? ክሩ። ደግሞም ቋጠሮ አልነበረውም፤ ተጠምጥሞ ጫፉ ወደ ውስጥ ተሸጉጧል። መምህሬ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ "ለትንሣኤ የሚነሣ ሰው አይቋጠርበትም፣ ይሸጎጥለት" እያሉ ነው ያስተማሩን። ሌላው አገር እንዲህ ሲያስር አላየሁም።»

«እርስዎስ ይህን ለማን አስተማሩ?»

«ለተማሪዎቼ። አብዛኞቹ በየአገሩ ተበትነዋል።» መቋሚያቸውን መሬቱ ላይ ተከሉት። «ስሙን ከእኔ አፍ አትጠብቂ።»

«አልጠብቅም አባ። አንድ ብቻ ልጠይቅዎት። አቶ አድማሱ የዋዜማው ጸሎት ላይ ነበሩ?»

ሽማግሌው ፊታቸው ተለወጠ። «ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። በሰሜኑ በር በኩል፣ ሁልጊዜ በሚቆሙበት፣ ጧፍ አብርተው ያየኋቸው መሰለኝ። ሰዉ ሁሉ ቀን ተዘግቶባቸው ሞቱ ሲል "አይ ዮሴፍ፣ አረጀህ፤ ቀኑ ተምታታብህ" ብዬ ራሴን ገሠጽኩ።»

«አልተምታታብዎትም» አለች ዓይናለም፤ ተስፈንጥራ ተነሥታ መስቀሉን ሳትሳለም ልትሄድ ስትል ተመልሳ ተሳለመች።

በማግሥቱ ሁሉም ፓሌት ግቢው ውስጥ እንዲሰበሰቡ አደረገች። ወይዘሮ ጌጤ በጥቁር ነጠላ ተሸፍነው መጡ፤ እሸቴ ከወንዛዬ በሰው ተደግፎ መጣ፤ ቄስ ዮሴፍ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ቆሙ፤ ትንሣኤ ለእናቱ ለወይዘሮ ጌጤ ወንበር አቀረበ። ይሻው በሁለት ፖሊስ መሃል ነው። ሚስቱ ፈንታነሽ ያቺን መሶቧን አቅፋ ከአጥሩ ሥር ቆመች።

ቆላው ከጠዋት ጀምሮ ሲነድ ነበር። ያነደደው ራሱ ይሻው ነው፤ ዓይናለም ስትለምነው «ቆላ ያለህ ውጣ!» እያለ በሩን ሦስት ጊዜ ከፍቶ እያየ ነው የዘጋው። ትንሣኤም መርፌዎቹን ተክሎ «ሞልቷል» ሲል ፍሙ ወጣ። በሩ ተከፍቶ ሙቀቱ ወደ ውጭ ተግተለተለ። ትንሽ እንደበረደ ሙላቴ አንድ ያረጀ ኮት ይዞ ወጣ።

«ይህ የሙላቴ ኮት ነው» አለች ዓይናለም። «ከውስጥ ኪሱ ጧፍ ከትቼበት ነበር፤ አባ ዮሴፍ ናቸው የሰጡኝ። አውጣው እስቲ።»

ሙላቴ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። የወጣው ክር ብቻ ነው። ሰሙ ቀልጦ ኪሱን አጣብቆት፣ ጨርቁ ጠጥቶት፣ ከኮቱ ጫፍ ድረስ ወርዷል። «ኮቴን!» አለ ሙላቴ ሳያውቀው።

ዓይናለም ሌላውን ኮት፣ ጥቁሩን ዘረጋች። ወይዘሮ ጌጤ ሲያዩት ደረታቸውን ያዙ። «ይህ ደግሞ የአቶ አድማሱ ነው። ጧፋቸው ይኸውና፤ ቀጥ እንዳለ። ኪሱም ንጹሕ ነው። ትንሣኤ፣ አንተ ነህ የነገርከኝ፤ ቆላው ሲሞላ ከሰባ ያልፋል፣ በእንጨት ልብ ያለ ነቀዝም አይተርፍም። ታዲያ ጧፍ በምን ተአምር ተረፈ? አቶ አድማሱ ቆላው ሲነድ ውስጥ አልነበሩም። ግማሽ የነደደውም ቤተ ክርስቲያን ነው፤ አባ በዓይናቸው አይተዋቸዋል። ቆላ የገቡት ማታ ነው፤ ፍሙ ከወጣ፣ ይሻው ቤቱ ከሄደ በኋላ። ሞተው ነው የገቡት። ገላቸው ሞቆ ያደረው ብሎኬቱ ሙቀት ስለያዘ ነው፤ ያ የማታ ሙቀት ግን ሰም አያቀልጥም።»

 ይሻው ነገሩ ገና አልገባውም፤ አፉን ከፍቶ ጧፉን ያያል።

«ማን አስገባቸው?» ዓይናለም መቆም አቅቷት ወዲያ ወዲህ ትል ጀመር። «ይሻው እንዳልል፣ ሰው አንገቱ የሚገባበትን ገመድ ራሱ አይገምድም፤ ቆላው ውስጥ ሬሳ ቢገኝ ተጠያቂው እሱ መሆኑን ልጅ ያውቃል። እሸቴ ጉልበቱ ይዞት ወንዛዬ ነው። ወይዘሮ ጌጤ በማኅበርተኞቻቸው መሃል ነበሩ። ያስገባቸው ሰው ግን አንድ ስሕተት ሠራ። ስሕተትም አልለውም፤ እጁ አላስችል አለው። ዓይናቸውን ከደነ። እጃቸውን በወጉ አጣጠፈ። እግራቸውን በጫማ ክር አሰረ፤ ሳይቋጥር፣ ጫፉን ሸጉጦ። እኛ ደግሞ ክሩ ጠልፎ ጣላቸው አልን! ያሰረው ሙት መገነዝ የለመደ፣ በአባ ዮሴፍ እጅ የተማረ ሰው ነው። እዚህ ግቢ ውስጥ ቆሎ ተማሪ ቤት ያደገ ስንት ሰው አለ?»

 ወይዘሮ ጌጤ ቀስ ብለው ዞረው ወንበሩን የያዘውን ልጅ አዩት።

«ምክንያቱ ደግሞ እዚያ ነው» አለች ዓይናለም ወደተደረደሩት ፓሌቶች እያመለከተች። «ከእንጨቱ ሥር ያለውን እዩ፤ ነቀዙ ዱቄቱን እያራገፈ ነው። ማኅተም አላቸው፤ ቆላን ግን አላዩም። ማኅተሙን የሚመታው አንድ ሰው ነው። አቶ አድማሱ ይህን ከእሸቴ አፍ ሰምተው ብረቱን ሊቀበሉት መጡ።»

ትንሣኤ ወንበሩን ለቀቀ። መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ትዕዛዝ ሲደራረብ ቆላው አልደርስ አለኝ» አለ። «አንዱን ጭነት ሳይገባ ባትመው ምን ይሆናል አልኩ። ከዚያ ሌላውን። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እዚህ ጠሩኝ። ብረቱን ስጠኝ፣ ከበዓሉ በኋላ ወስጄ ለሰጠን መሥሪያ ቤት አስረክቤ ሁሉን እናገራለሁ አሉ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። "እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ ሰው ተነሥ" አሉኝ። ተነሥቼ ገፋኋቸው። የመጋዙ ብረት ላይ ወደቁ። አልተነሡም። ልገድላቸው አልነበረም፤ ማርያምን! በእጅ ጋሪ ስወስዳቸው እያለቀስኩ ነበር። ዓይናቸው ተከፍቶ ጥያቸው መሄድ አልቻልኩም።»

«ያንን ፍርድ ቤት ይሰማልሃል» አለች ዓይናለም፤ ድምፅዋ ግን ተቆጥቷል። «እኔን የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። ይህ ሰው "እኔ ነኝ የገደልኳቸው" ብሎ መሬት ሲደበድብ አጠገቡ ቆመህ ነበር። ምን አልከው?»

ትንሣኤ አንገቱን ደፋ። የመለሰው ሳጅን ሙላቴ ነው። «"አይዞህ" ነው ያለው» አለ። «እኔ ሰምቻለሁ። ደግ ልጅ ብዬ ነበር።»

ወይዘሮ ጌጤ አልጮኹም። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡና «ሁለቱንም ቀበርኩ» አሉ። ቄስ ዮሴፍ ሄደው አጠገባቸው ተቀመጡ። ፖሊሶቹ ይሻውን ለቅቀው ትንሣኤን ያዙ።

ይሻው ግን አልተነቃነቀም። የለቀቁት እጁ እንደታሰረ ሰው ፊቱ ላይ ተዘርግቶ ቀረ። ዓይናለም ቀረበችው።

«ኢንስፔክተር» አላት በሹክሹክታ፣ «በሩን አልመቱም ማለት ነው?»

«አልመቱም።»

«አልጠሩኝም?»

«አልጠሩህም፣ ይሻው። አንተ በሩን ስትዘጋ፣ እየዘፈንክ እሳቱን ስትቆሰቁስ፣ እሳቸው ማርያም ደጅ ቆመው ጧፋቸውን ያበሩ ነበር።»

 ይሻው እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ፤ የጌታው ለቅሶ ገና አሁን ነው የወጣለት። ፈንታነሽ መጥታ አጠገቡ ቁጭ አለች። መሶቧን ከፈተች፤ ዳቦውን ልትቆርስለት ስትል እጇን ያዛትና ተቀበላት። አገላብጦ አየው። ራሱ ቆረሰው፤ ለሚስቱ ሰጣት፤ ለሙላቴ ሰጠው፤ ለዓይናለምም ዘረጋላት። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ተቀበለችና አብራው በላች።